ወረቀቱ ሳናውቅ የሚያስተምረው

(ለትንንሽ ልጆች ወላጆችና መምህራን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ አልናከስም። (ሳቅ)

እናቶች፣ አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ቢጮሁም አትጨነቁ። ከ20 ዓመት በላይ ከሕፃናት ጋር ስውል የሚያስደነግጠኝ ዝም ያለ ክፍል ነው።

በየወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። አሁን እንዳትገልብጡት፤ አደራ። አንቺ ጀመርሽ እኮ! (ሳቅ)

ዛሬ የማወራው ስለ መልመጃ ወረቀት ነው፤ ወርክሺት ስለምንለው። ከኢንተርኔት አውርደን፣ ፕሪንት አድርገን ለልጆቻችን የምንሰጠው የሒሳብ ወረቀት። ቁጠር፣ ደምር፣ አዛምድ፣ ቀለም ቀባ። ከሱ ጋር ደግሞ የሥዕል እንቆቅልሽ አለ። ልዩነቱን ፈልግ፣ የማይመሳሰለውን አውጣ፣ ስንት ካሬ ይታይሃል የሚሉት።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ልጁን ዝም ለማሰኘት ብሎ ወርክሺት ሰጥቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። … ማንም የለም። እኔም አላወጣሁም። (ሳቅ)

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው፣ ወረቀቱ እኛ ሳናስበው ስለሚያስተምረው ነገር ነው። ሁለተኛው ስለ ሥዕል እንቆቅልሽ። ሦስተኛው ስለ ፕሪንተር። ሦስተኛው አጭር ነው። አንደኛው ግን ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ማታ ተቀምጬ 40 ገጽ ፕሪንት አደረግሁለት። አርባ! በስቴፕለር አያያዝኩት፣ ሽፋን ሠራሁለት፣ ስሙን በትልቁ ጻፍኩበት። በማግስቱ የመጀመሪያውን ገጽ ሠራ። ሁለተኛውን ገጽ እስከ ግማሽ ሄደበት። ከዚያ ጥራዙ ጠፋ። ቤቱን ገለባበጥኩት፤ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ስጠርግ ከሶፋው ሥር አገኘሁት፤ እስከ ግድግዳው ድረስ ተገፍቷል። «ማነው እዚህ የከተተው?» ስለው «ራሱ ነው የገባው» አለኝ። (ሳቅ)

ተቀምጬ ገጾቹን አገላበጥኩ። ገጽ አንድ፣ መደመር። ገጽ ሁለት፣ መደመር። ገጽ ዐሥር፣ መደመር። ገጽ አርባ፣ መደመር። እኔም ብሆን እደብቀው ነበር።

ግን ያን ቀን ከመሰልቸት የባሰ ነገር አየሁ። ከመደመሩ መሐል በእስክሪብቶ 5 − 2 ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁት። ሳያመነታ 7 አለ። «ምልክቱን አየኸው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው እኮ፣ እማዬ» አለኝ።

ይሄን ማን አስተማረው? እኔ አላስተማርኩትም። አባቱ አላስተማረውም። ወረቀቱ ነው ያስተማረው። አርባ ገጽ ሙሉ «ምልክቱን አትይ፤ ቁጥሮቹን ብቻ እይ» ብሎ ነገረው። ልጁ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ተማረ።

እና አንደኛው ነጥቤ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ከላይ የተጻፈ ትምህርት አለው። ከሥር ደግሞ ያልተጻፈ ትምህርት አለው። ልጆች ያልተጻፈውን ቶሎ ነው የሚማሩት።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። «እኩል ይሆናል» የምንላትን ምልክት አስቧት፤ ሁለቷን አጫጭር መስመሮች። ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ ያስገባት። ሁለት ትይዩ መስመር የመረጠው፣ ከነሱ ይበልጥ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነው። ግሩም ሐሳብ ነው። አሁን ግን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጠይቁ። «ይቺ ምልክት ምን ማለት ናት?» ምን ይላችኋል?

«መልሱን እዚህ ጻፍ ማለት ናት።» ትክክል! እዚያ ጋ ማን ነው ያለው? አስተማሪ ነሽ፣ አይደል? ታውቂያለሽ።

ልጁ ምን ያድርግ? ያየው ወረቀት ሁሉ 3 + 2 = ብሎ ባዶ ሳጥን ያስከትላል። ሳጥኑ ሁልጊዜ በስተቀኝ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። እስቲ አሁን ይሄን ስጡት፦ 8 + 4 = □ + 5። ብዙ ልጅ ሳጥኑ ውስጥ 12 ይጽፋል። አንዳንዱ ያየውን ሁሉ ደምሮ 17 ይላል። መልሱ 7 ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ጥያቄ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሰጥተው 12 እና 17 ነው ሲመለስላቸው የነበረው። ስድስተኛ ክፍል! ከዚያ አልጀብራ ሲመጣ «ልጄ ሒሳብ አልገባ አለው» እንላለን። ነገሩ ከመዋዕለ ሕፃናት ወረቀት ነው የጀመረው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሦስትና ሁለት ስንት ይሆናል?» ነው የምንለው። ይሆናል! የሆነ ነገር ተቀቅሎ የሚወጣ ይመስላል። እኔ አሁን ከልጆቹ ጋር ሳነብ «ሦስትና ሁለት ከአምስት ጋር እኩል ነው» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ አፍ ላይ ይከብዳል። ትለምዱታላችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳጥኑን አዟዙሩት። 5 = □ + 2 ብላችሁ ጻፉ። 4 + 1 = 2 + □ ብላችሁ ጻፉ። 6 = 6 ብላችሁ ጻፉና «ይሄ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» በሏቸው። እንዴት እንደሚከራከሩ ታያላችሁ! «መደመሩ የታለ?» ብሎ የተናደደብኝ ልጅ አለ። ለትንንሾቹ ደግሞ ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን ሥዕል ፕሪንት አድርጉ። በአንዱ ሳህን አራት ነጥብ ይኑር። በሌላው አንድ ነጥብ። «ሚዛኑ እንዳያጋድል አድርጊው» በሏት። ቁጥር ሳትጽፍ የእኩልነትን ነገር ታገኘዋለች።

አሁን ወደ ቅርጽ ልለፍ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ሦስት ጎን በደንብ ታውቃለች። ወረቀት ላይ ካለ ሁሉንም ቀለም ትቀባለች። አንድ ቀን ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ጎን ሣልኩላት። ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አየችው። «ይሄ ሦስት ጎን አይደለም» አለች። «ለምን?» «ወድቋል።»

ወረቀቱን አዞርኩላት። «አሁንስ?» «አሁን ሆነ!» መልሼ አዞርኩት። «አሁንስ?» «ቲቸር፣ ደግሞ ጣልሽው።» (ሳቅ)

እስከዛሬ ያየችው ሦስት ጎን ሁሉ እንደ ቤት ጣራ የተቀመጠ ነው። ሁልጊዜ ጎኖቹ እኩል ናቸው። ሁልጊዜ ተደላድሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ወረቀቱ «ሦስት ጎን ማለት ጣራ የሚመስል ነገር ነው» አላት። ቀጭንና ረጅም ሣሉ። ያዘመመ ሣሉ። ከጎኑ ደግሞ አስመሳይ ጨምሩ፤ አንዱ ጎኑ የጎበጠ፣ ጥጉ ያልተዘጋ። «ይሄ ለምን አይሆንም?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ «ሦስት ቀጥ ያለ መስመር፣ የተዘጋ» የሚለውን ራሱ አፍ አውጥቶ እስኪናገረው ታገሱ። ካሬም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ዘወር ሲል «ዳይመንድ» ይሉታል፤ ካሬነቱ የጠፋ ይመስል።

«የሚበዛው የቱ ነው?» የሚለውን ወረቀትስ አይታችሁታል? በአንድ በኩል ስምንት ኮከብ፣ በሌላ በኩል ሦስት ኮከብ። ልጁ ምን መቁጠር አስፈለገው? ሰፊ ቦታ የያዘውን ይከብባል፤ አለቀ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ይሄን አሳይቷል። እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ረድፎች ይደረደራሉ። አንዱ ረድፍ ልጁ እያየ ዘርዘር ይደረጋል። ብዙ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ረዘም ያለው በለጠ ይላሉ። ወረቀታችን ታዲያ ይሄን ከማረም ይልቅ ያበረታታዋል። እኔ አሁን ሦስት ዝሆንና አምስት ጉንዳን ነው የምሥለው። ዝሆኖቹ ግማሽ ገጽ ይሞላሉ። ጉንዳኖቹ ጥግ ላይ ናቸው። «የቱ ይበዛል?» ስላቸው መጀመሪያ ዝሆኖቹን ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ የምወዳት ዝምታ ናት።

አሁን ደግሞ ስለ ማስጌጫ። የኔ ጥፋት ናት ይቺም። ወረቀቱ እንዲያምር ብዬ ዙሪያውን ፊኛ በፊኛ አደረግሁት። መሐሉ ላይ ስድስት ፊኛ ሠራሁና «ስንት ፊኛ አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም 6 ብለው አስረከቡ። አንድ ልጅ ቀረ። እረፍት ተደወለ፣ እሱ አልተነሳም። መጨረሻ ላይ 26 ብሎ አመጣ። በቀይ ኤክስ አደረግሁበት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ቲቸር፣ ዳር ያሉትስ?» አለኝ።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ ስድስት ነበሩ። ኤክሱን በላጲስ ለማጥፋት ሞከርኩ፤ ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። አዲስ ወረቀት አምጥቼ መልሱን አብረን ጻፍን። ሌሎቹ ልጆች ማስጌጫን መዝለል እንዳለባቸው ከልምድ ያውቁ ነበር። እሱ ያነበበው የተጻፈውን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እና ጌጥ ቀንሱ። ጥንቸሏ ባርኔጣ ባታደርግም ይቻላል።

ስለ መቁጠር ካነሳሁ አንድ ልጨምር። አንድ ልጅ በትክክል ቆጠረ ለማለት ብዙ ነገር አንድ ላይ መሆን አለበት። ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስተል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 አምስት መርሖ ብለው አስቀምጠውታል። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዷን ብቻ ልያዝ፤ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም መጠን ነው የምትለዋን። ልጅቷ ሰባት ዓሣ ትቆጥራለች፤ «…አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት»። «እና ስንት ናቸው?» በሏት። «ሰባት» ካለች ገብቷታል። እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብላ ከጀመረች ገና ነው። ለሷ መቁጠር እንደ መዝሙር የሚባል ነገር ነው። አሁን ወረቀቱን ተመልከቱ። ወረቀቱ ላይ 7 ተጽፏል። በሁለቱም ልጆች ወረቀት ላይ 7 ተጽፏል! ከወረቀቱ ብቻ የትኛዋ እንደገባት ማወቅ አይቻልም። አጠገቧ ሰው መኖር አለበት። «እና ስንት ናቸው?» የሚል አንድ ሰው።

ዓሣዎቹን በክብ ካደረጋችኋቸውማ ጉድ ነው። ከየት እንደጀመረ ስለሚረሳ ሦስት ጊዜ ይዞራል። «የጀመርክባትን ዓሣ ኮፍያ አልብሳት» በሉት። እዚህ ጋ ኮፍያ ይፈቀዳል። (ሳቅ)

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። እኔ ሥራ ስጀምር ፕሪንተር የለንም። ስቴንስል ነበር። በሰም ወረቀት ላይ እየቧጨርን ጽፈን በማባዣ ማሽን እናባዛለን። እጃችን ጥቁር በጥቁር ይሆናል። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የት ነበርሽ?» ቢለኝ «ሳባዛ» አልኩት። «ስንት በስንት?» አለኝ። (ሳቅ) እውነቱን ነው። ማባዛትም ማባዛት ነው፣ ማባዛትም ማባዛት ነው። ለምን አነሳሁት? ስቴንስል አድካሚ ስለነበር አንድ ገጽ ከማዘጋጀታችን በፊት አሥር ጊዜ እናስብ ነበር። ዛሬ አንድ ጠቅ ሲደረግ 40 ገጽ ይወጣል። ማሰቡ ቀረ።

ጃፓናዊው ቶሩ ኩሞን የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለተኛ ክፍል የነበረው ልጁ በሒሳብ ስለተቸገረበት በየቀኑ የሚሠራት ጥያቄ በእጁ እየጻፈ ይሰጠው ጀመር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የኩሞን ዘዴ የተነሣው ከዚያ ነው። ዘዴውን የሚወደውም የሚነቅፈውም አለ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ የምትገርመኝ መጀመሪያዋ ናት። አንድ አባት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ወረቀት። ትናንት ልጁ የት ጋ እንደተሰናከለ አይቶ ነው የዛሬውን የሚጽፈው። ከኢንተርኔት የምናወርደው ወረቀት ልጃችን የት እንደተሰናከለ አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ወይም ማወቅ እንችላለን።

አንዲት ነገር ልጨምርና አንደኛውን ልዝጋ። «አስራ ሁለት» ብላችሁ ስትጠሩ 102 ብሎ የጻፈ ልጅ ያጋጠማችሁ? አዎ፣ ብዙ እጅ አያለሁ። አትቆጡት። በጣም ብልህ ስሕተት ነው! አስር ሰማ፣ 10 ጻፈ። ሁለት ሰማ፣ 2 ጻፈ። ቋንቋችን ግልጽ ስለሆነ የሰማውን ነው የጻፈው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ የራሱን 12 ስም ሲሰማ ውስጡ አስር እንዳለ እንኳን አይገባውም። የኛዎቹ ግን ይሰሙታል፤ ትልቅ ነገር ነው። የቀረው አጻጻፉ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ካርድ ነው። 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ እስከ 90 በሰፊ ካርድ ፕሪንት አድርጉ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን ደግሞ በግማሹ ስፋት። ልጁ 10ን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ከዚያ የ2ን ካርድ በዜሮዋ ላይ ይደርባት። 12 ሆነ። ያነሣታል፣ ዜሮዋ ከሥር አለች። ይመልሳታል፣ ተደበቀች። ሃያ ጊዜ ያነሣታል፣ ሃያ ጊዜ ይመልሳታል። ተዉት፤ እየተማረ ነው። ይህ ካርድ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትታወቅባቸው ዕቃዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ አለ። የሷ ልጆች ከካርዱ ጋር ዶቃ በእጃቸው ይይዙ ነበር። በእጅ የተነካ ነገር ይቅደም፤ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ቁልፍ። ከዚያ ሥዕል። ከዚያ ቁጥር። ወረቀት ቶሎ ሲመጣ ልጁ የሚያስታውሰው ነገር አይኖረውም።

እሺ። ሁለተኛው። አሁን ወረቀታችሁን ገልብጡት!

በየትኛው በኩል እንደያዛችሁት ልብ በሉ። አንድ ካሬ አለ፣ በመሐሉ መስቀለኛ መስመር የተሰመረበት፤ ሁለት በሁለት። ስንት ካሬ ይታያችኋል?

«አራት!» ማነው ያለው? ሌላ? «አምስት!» አዎ፣ አምስት። አራቱ ትንንሾቹ፣ አምስተኛው ዙሪያው ራሱ ነው። አሁን ከሥሩ ያለውን ሦስት በሦስት እዩ። ዘጠኝ ያላችሁ አላችሁ። ዐሥር ያላችሁም አላችሁ። ቀስ በሉ። ትንንሾቹ 9። ሁለት በሁለት የሆኑት፣ እርስ በርስ የሚደራረቡት፣ 4። ትልቁ 1። ጠቅላላ 14 ነው።

አሁን ፊታችሁን ብታዩት! እያንዳንዳችሁ ወደ ጎን ጎረቤታችሁ ወረቀት አጎነበሳችሁ። «ይሄኛውን ቆጥረኸዋል?» አላችሁ። ማንም አላዘዛችሁም። የሥዕል እንቆቅልሽ የምወደው ለዚህ ነው። አፍ ያስከፍታል። የመደመር ወረቀት ስሰጥ ክፍሉ ዝም ይላል። ይሄን ስሰጥ ይጫጫል። ልጁ «አየሁት!» የሚላት ነገር አለች። ያቺ ቃል ውስጥ ሒሳብ አለ።

እንቆቅልሽ ለማስተማር መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ቀራጭ በ1760ዎቹ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ወሰን ቆራርጦ ሸጠ። ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ነው። የምንገጣጥመው ፐዝል ከዚያ ነው የመጣው።

የማይመሳሰለውን አውጣ የሚለውን ልንገራችሁ። አራት ቅርጽ ነበር። ትልቅ ነጭ ክብ፣ ትንሽ ነጭ ክብ፣ ትልቅ ነጭ ካሬ፣ ትልቅ ጥቁር ክብ። የመልስ ወረቀቱ «ጥቁሩ ክብ» ይላል። እኔም ጥቁሩን ጠብቄያለሁ። አንዱ ልጅ ካሬውን አወጣ፤ እሱ ብቻ ማዕዘን አለው። ልክ ነው። ሌላው ትንሹን አወጣ። እሱም ልክ ነው። ስድስት ዓመቷ የሆነ ልጅ ግን የመጀመሪያውን፣ ትልቁን ነጭ ክብ አወጣች። «ለምን እሱን?» አልኳት። «ሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነገር አላቸው። እሱ ብቻ የለውም» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። … አዎ። እኔም እንደናንተ ነው ዝም ያልኩት። ያን ቀን የመልስ ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ «የማይመሳሰለው የቱ ነው?» ብዬ አልጽፍም። «እያንዳንዱ በምን ይለያል?» ብዬ ነው የምጽፈው።

አሁን አንድ የምጠላውን ልናገር። በስልክ የሚዘዋወሩትን የሥዕል ሒሳቦች ታውቋቸዋላችሁ። ጫማ ሲደመር ጫማ፣ ሰው ሲደመር ፊሽካ፣ መጨረሻ ላይ «ጂኒየስ ብቻ ይመልሰዋል» የሚሉት። መጨረሻው መስመር ላይ ጫማው ጥንድ መሆኑ ቀርቶ አንድ ብቻ ይሆናል፣ ሰውየው አንገቱ ላይ ፊሽካ ይንጠለጠልበታል። ዓይን መፈተኛ ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። ለአዋቂ መደናቆሪያ ይሁን። ለልጅ ግን ምን ያስተምራል? ሒሳብ ወጥመድ ነው የሚለውን። ያልተጻፈው ትምህርት ብያችኋለሁ እኮ!

ተንኮሉን አውጡለትና ግን ምርጥ ነገር ነው። ኮከብ ሲደመር ኮከብ 6። ኮከብ ሲደመር ኳስ 5። ኳሷ ስንት ናት? የስድስት ዓመት ልጅ ጣቱን እያጠፈ ኮከብ 3፣ ኳስ 2 ብሎ ይደርስበታል። አልጀብራ ሠራ ማለት ነው! አትንገሩት፤ ይፈራል። (ሳቅ)

ነጥብ ማገናኘትን በፍጥነት ልለፈው። ጥሩ ነው፤ ግን ከ1 እስከ 20 ሁልጊዜ ከሆነ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ከ7 ይጀምር። ከ20 ወደ ኋላ ይሂድ። ሁለት ሁለት እየዘለለ ይሂድ። ልዩነት ፈልግ ላይ ደግሞ ልጁ ዓይኑ ሲቅበዘበዝ ሥዕሉን በእርሳስ አራት ቦታ ከፍሉለት። «መጀመሪያ ይሄን ክፍል ጨርስ» በሉት። በሥርዓት መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። ሱዶኩም ለትንሽ ልጅ ይሆናል። አራት በአራት፣ በአራት ዓይነት ሥዕል። ግን አታስጽፉት። ሥዕሎቹን ቆርጦ ያንቀሳቅሳቸው። የተጻፈ ስሕተት ጠባሳ ይተዋል። የተንቀሳቀሰ ስሕተት ግን ጣት ሲነካው ይለቃል።

ሦስተኛው፣ ፕሪንተር። አጭር ነው ብያለሁ።

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 ይሆናል፣ መልኩ ሳይቀየር። ለአራት ዓመት ልጅ ይሄ ግማሽ ወረቀት ይበቃዋል። ሦስት ጥያቄ፣ ትልልቅ ሳጥን። ትንንሽ ሳጥን ውስጥ እንዲጽፍ አታስገድዱት፤ ጣቱ ገና ነው። 3ን ወይም 7ን ገልብጦ ቢጽፍም እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ድረስ የተለመደ ነው። ኩባያ እጀታው ወደ ግራም ይዙር ወደ ቀኝ ኩባያ ነው። ሕፃኑ ዓለምን እንዲህ ነው የተማረው። ቁጥር ግን ሲዞር ስሙን ያጣል።

ሴንቲ ሜትር ያለበት ወረቀት፣ ማስመሪያ ወይም ካሬ፣ ሲታተም «ከገጹ ጋር አስተካክል» የምትለዋን አጥፉና መቶ በመቶ አድርጉት። አለበለዚያ ፕሪንተሩ ትንሽ ያጠበዋል። አንድ ጊዜ ሳላጠፋው ቀርቼ ሠላሳ ልጅ ማስመሪያው ተሳስቷል ብሎ ሲከራከር ውሏል። ትክክል ነበሩ።

በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለ ምረጡ። ቀለም ይቆጥባል፣ ቀቢው ደግሞ ልጁ ነው። ደጋግሞ የሚሠራውን ወረቀት ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ክተቱት። በነጭ ሰሌዳ ማርከር ይጻፍበት፣ በጨርቅ ይጠረግ። የሚታጠፍና የሚቆረጥ ከሆነ ወፍራም ወረቀት ይሁን። ዳይስ አጥፋችሁ ስትሠሩ ደግሞ ነጥቦቹን እንዳታዘበራርቋቸው። ሰው ሳይቆጥር በአንድ እይታ የሚለየው እስከ ሦስት ወይም አራት ድረስ ነው። ስድስትን በዳይስ ላይ ቶሎ የምናውቀው ሦስት ሦስት ሆኖ ስለተሰለፈ ነው። ነጥቡ ተበታትኖ ከተቀመጠ ልጁ እንደገና ይቆጥራል።

ስንት ገጽ በቀን? ይሄን ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። አንድ። ከዚያ ልጁ «ሌላ» ካለ ሌላ። ልጁ ካላለ፣ የለም። ከሶፋ ሥር ከምትጠርጉት ይሻላል።

ሰዓቴ አልቋል ይሉኛል። ወረቀታችሁን አትጣሉት። ከሦስት በሦስቱ ሥር አራት በአራት የሆነ አለ። መልሱን አልነግራችሁም። ቤት ውሰዱና ከልጆቻችሁ ጋር ቁጠሩት። 16 ካላችሁ፣ ገና ናችሁ። ልጁ ቀድሟችሁ ከደረሰ ደግሞ የአዋቂ ፊት አታሳዩት፤ «የት ጋ አየኸው?» በሉት፣ ጣቱን ይዘርጋ።

አሁን ጥያቄ ካለ። እዚያ ከኋላ፣ ሕፃን ያቀፍሽው እናት፣ ቀድመሽ እጅሽን አውጥተሻል። … ማነው? እሷ አይደለችም? ልጁ ነው ያወጣው? (ሳቅ) በል ና፣ ማይኩን ያዝ። ስንት አገኘህ?